የቡሬ በርበሬ ለወጥ ነው

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ዕረፍት የሌለው ልጅ ስሙ ብዙ ነው፤ “ቅብጥብጥ”፣ “ቀዥቃዣ”፣ “ነገር አይሰማ”። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ አርጩሜ። ሲብስም የበርበሬ ጭስ። ውድ አንባቢ፣ የቡሬ በርበሬ ለወጥ እንጂ ለልጅ አፍንጫ አይደለም።

“ኳስ ሲሆንማ እስኪመሽ አይሰለቸውም፤ ደብተር ሲይዝ ነው የሚቁነጠነጠው” ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር “ይህ ይጠቅምሃል፣ ቆይበት” የሚል መልእክት ያደርሳል። ትኩረት የማጣት ችግር ባለባቸው ልጆች ይህ መልእክት ደከም እንደሚል ይታሰባል። ኳስ በራሱ ይቀሰቅሰዋል፤ የማባዛት ሰንጠረዥ አይቀሰቅሰውም።

በንግድ ስሙ ሪታሊን የሚባለው ሜቲልፌኒዴት፣ የተለቀቀው ዶፓሚን ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያግዳል። አነቃቂ መድኃኒት ቀዥቃዣን ማርጋቱ ግር ያሰኛል፤ የሚያነቃው ግን የልጁን ልጓም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ ተመሳሳይ ውጤት በሌላ አነቃቂ መድኃኒት ያየው በ1937 እ.ኤ.አ. ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም አይሞከርም። “ጫትም ያው አነቃቂ ነው” ብሎ ልጅን ማቅመስማ ጭራሽ አይታሰብ!

ችግሩ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምሮ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ ለ6 ወር ከዘለቀ ሐኪም ያማክሩ። ጠበልም ይውሰዱት፤ ሐኪሙን ግን አይተዉ። ጆሮውንና ዓይኑንም ያስመርምሩ፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅም ይቁነጠነጣል። እስከዚያው ትእዛዝ አንድ በአንድ ይስጡት። “ጥጃውን አስረህ፣ ውኃ ቀድተህ፣ ደብተርህን ይዘህ ና” ካሉት፣ የሚሰማው ጥጃውን ብቻ ነው።