ክሊራንስ የማይቆጥረው ንብረት

አንድ ሠራተኛ በዝውውር፣ በደረጃ ዕድገት ወይም በራሱ ፈቃድ ከነበረበት የሥራ ክፍል ከለቀቀ በኋላ ከቀድሞ ባልደረቦቹ የሚደርሱት የ«እባክህ ይህቺን ብቻ» ጥሪዎች በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች እንደ ተራ መተጋገዝ ይታያሉ፤ ይሁንና ጥሪዎቹ ሳምንታትን አልፈው ወራትን ሲያስቆጥሩ፣ ክፍሉ ሥራውን በወጉ ሳይረከብ ሰውየውን ብቻ እንደሸኘ ያመለክታሉ።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በሒሳብ ሥራ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ለዓመታት የክፍያ ሰነድ ሲያዘጋጅ የኖረ ባለሙያ ወደ ዕቅድ ክፍል ቢዛወርም፣ የትኛው ተሰብሳቢ ሒሳብ በምን ምክንያት ሳይወራረድ እንደቆየ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ከሆነ በሰኔ ወር ሁለት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በግል ድርጅትም የሥራ ግብር እና ሠራተኛው 7 በመቶ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታ በየወሩ በጊዜው ካልተከፈለ ቅጣት ስለሚከተል፣ ተተኪው በተደናገረ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለቀድሞው ባለሙያ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር ያለው በርክክቡ ላይ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ክሊራንስ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ንብረትና ዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቅጽ፣ በየክፍሉ እየዞረ ያስፈርማል፤ ንብረት ክፍል ኮምፒውተሩንና ወንበሩን፣ ሒሳብ ክፍል ያልተወራረደውን አበል ይጠይቀዋል፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማን እንዳስተላለፈ ግን የሚጠይቀው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያዘው አሠሪው ፋታ እንዲያገኝ ቢሆንም፣ ያ ወር ማመልከቻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ያልቃል።

ይኸው አዋጅ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ከዚያ በላይ የሚሠራውን የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ በቀን በ4 በሳምንት በ12 ሰዓት ገድቦ ጭማሪ ክፍያ እንዲታሰብለት ያደርጋል። ለቀድሞ ክፍል በምሳ ሰዓትና በምሽት የሚሠራው ሥራ ግን የትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ስለማይሰፍርም አይከፈልበትም፣ የአሁኑ አለቃም አያውቀውም።

ሠራተኛውን እንቢ እንዳይል የሚይዘው ይሉኝታ ነው፤ የሚደውሉት ሥራ ያስተማሩት ጋሼ ወይም በችግሩ ጊዜ የቆሙለት እትዬ ሊሆኑ ይችላሉና እምቢታው ውለታ ቢስነት ይመስለዋል። ይህ ስሜት ክቡር ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን በደቦ እንኳ የተጠራው ሰው በታወቀ ቀን መጥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ማሳው ይመለሳል፣ ጠሪውም በተራው ብድሩን ይከፍላል፤ ማብቂያ የሌለው እገዛ ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተተኪውን ነው፤ ሁልጊዜ የሚሠራለት ሰው ካለ ሥራው መቼም የራሱ አይሆንም።

ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተዛወረ ሠራተኛ ጥያቄው በአሁኑ ኃላፊው በኩል በጽሑፍ እንዲመጣ ቢያደርግ፣ ሥራውን ራሱ ከመሥራት ይልቅ ተተኪው እየሠራ ቢያሳየው፣ እገዛው የሚያበቃበትንም ቀን አስቀድሞ ቢናገር ማንንም አይበድልም። ተተኪው ታሞ ወይም ሐዘን ደርሶበት የሚመጣ ጥሪ ከዚህ ይለያል፤ ለዚያ ቀን መቁጠር አይገባም። ወደ ሌላ አሠሪ የሄደ ሰው ግን ከዚህም ጠንቀቅ ሊል ይገባዋል፤ በቀድሞ የይለፍ ቃሉ ገብቶ የሚያስተካክለው እያንዳንዱ ሰነድ በስሙ ስለሚመዘገብ፣ ኦዲተር ሲመጣ ተጠያቂው እርሱ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ በእርግጥ የሚፈልገው ከሆነ ክፍያና ጊዜ የተወሰነለት አጭር ውል ማዘጋጀት ይችላል።

የሰው ሀብት ኃላፊዎች በክሊራንስ ቅጹ ላይ አንድ ፊርማ ይጨምሩ፦ ተተኪው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ለቃቂው ከአጠገቡ ቆሞ እያየው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሱ መሥራቱን የሚያረጋግጥበት ፊርማ።