ከቆዳ ሥር ያለው ሴንሰርና የአውሬው ምልክት



በቅርቡ በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድም ደወለልን። ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር ኖራለች፤ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ራሷን የሳተችበት ጊዜ አለ። ሐኪሟ ከክንዷ ቆዳ ሥር የሚቀመጥ ሴንሰር ቢመክራትም፣ «ይህ 666 ነው» የሚል ስብከት ሰምታ እምቢ አለች። «ፓስተር፣ ብታስገባው ድነቷን ታጣለች?» ሲል ጠየቀን።

ልንፈርድባት አልቻልንም። እኛም በወጣትነታችን ስለ «ቺፕ» ሳናጣራ ሰብከናልና።

መሣሪያው ምንድን ነው? ኤቨርሴንስ የተባለውን ሴንሰር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ያኔ የሚያገለግለው 90 ቀን ነበር፤ በ2024 የተፈቀደው ግን አንድ ዓመት ይቆያል። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ባትሪም የለውም። ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር በብርሃን ይለካል። ክንድ ላይ የሚለጠፈው ማስተላለፊያ ልኬቱን በየ5 ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል፤ ስኳር ሲወርድም ክንድ ላይ እየነዘረ ያስጠነቅቃል።

አሁን ራእይ 13ን በጥሞና እናንብብ። ምልክቱ የሚመጣው ለአውሬው ከመስገድ ጋር ነው። ወረድ ብሎ በምዕራፍ 14 መጀመሪያ ደግሞ የበጉና የአባቱ ስም በግንባራቸው የተጻፈባቸው ቅዱሳን ቆመዋል። ያንን ስም መሣሪያ ነው ያለ ሰባኪ ሰምተን አናውቅም። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው አንድ ነው፤ የምታመልከው ማንን ነው? ስኳሯን ለመለካት ክንዷን ለሐኪም የሰጠች እህት ለማንም አልሰገደችም።

«ታዲያ እምነቷ የት አለ?» የሚል ይኖራል። ጌታ ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ሊጨምርለት ቃል ከገባ በኋላ፣ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ነገ 20)። የተስፋው ቃልና በለሱ አልተጣሉም።

መጠየቅ ያለበት ነገር ግን አለ። ልኬቱን ማን ያያል? የት ይቀመጣል? ይህንን ሐኪምን መጠየቅ ማስተዋል ነው። ደግሞም መሣሪያው ይለካል እንጂ ሕይወት አይሰጥም፤ ልባችን በሰጪው ላይ ይረፍ።

ለወንድማችን የመለስንለት ይህንኑ ነው፤ ከእርሷም ጋር በስልክ ጸለይን። ውሳኔው የእርሷ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከጌታ አልነበረም። እኛ አገልጋዮች ደግሞ እንጠንቀቅ። ሳናጣራ ከመድረክ የተናገርነው ቃል በአንድ ቤት ውስጥ እናት ሊያሳጣ ይችላል።