የጅብ ሽንኩርት

በዚህ ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ያስገባሁት ሪፖርት ሲመለስልኝ አንዱ ዐረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮበት አገኘሁት። የጻፍኩት “ግቢው በልዩ ልዩ አበቦች ያሸበረቀ ነው” የሚል ነበር። መምህሬ ከጎኑ “ልዩ ልዩ ማለት የትኞቹ?” ብለው ጽፈዋል። ተመልሼ ሄጄ አየሁ። ከጽጌረዳ በቀር አንዱንም በስሙ መጥራት አልቻልኩም! የሰው ስም ብንሳሳት ማስተባበያ እናወጣለን። አበባ ሲሆን ግን ሁሉንም “አበባ” ብለን እናልፈዋለን።

እውነቱን ለመናገር በደንብ የማውቃት አንዲት አበባ አለች። የማውቃትም ስለገደልኳት ነው።

ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት በተዘጋበት በ2012 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ቤት ነበርኩ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሁለት ሦስቴ ጣል እንዳደረገ፣ ከቤቱ በታች ካለው ጥሻ ውስጥ ቀይ ኳስ የመሰለች አበባ ብቅ አለች። ቅጠሏ ገና በወጉ አልወጣም። ኳሷን ጠጋ ብዬ ሳያት አንድ አበባ ሳትሆን ብዙ ቀጫጭን አበቦች በአንድ አገዳ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ነው። ወዲያው መቆፈሪያ አምጥቼ ከነሥሯ አወጣኋት። አያቴ ስታየኝ ጮኸች። “አንቺ ልጅ! የጅብ ሽንኩርት ታቅፈሽ ቤት ትገቢያለሽ? በይ እጅሽን ታጠቢ!”

እኔ ግን አልሰማኋትም። ጥቅምት ላይ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በቀለም ባልዲ ይዣት መጣሁ። ኅዳር ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን የተጠማች መስሎኝ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣት ጀመር። የበጋው ወራት የእንቅልፏ ጊዜ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ጥር ላይ አፈሩን ብገልጠው ሽንኩርት የመሰለው ሥሯ በስብሶ ነበር።

ማንነቷን ያወቅኩት ከሞተች በኋላ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ስካዶክሰስ ሙልቲፍሎረስ ይባላል። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በየመን በዱር ትበቅላለች። በአንድ ራስ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ ትናንሽ አበቦች ታወጣለች። ፈረንጆቹ “የደም ሊሊ” ወይም “የእሳት ኳስ ሊሊ” ይሏታል፤ የአውሮፓ አበባ ሻጮችም ሥሯን በገንዘብ ይሸጡታል። አያቴም አልተሳሳተችም፤ ተክሏ መርዛማ ናት። ሕፃን ወይም ከብት እንዳይበላት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በየግቢው የምናያት ነጭ፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለች ካላ ሊሊ የሳይንስ ስሟ “ኤትዮፒካ” የሚል ቃል አለበት። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 ያወጣላት ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። በዚያ ዘመን ቃሉ ለአፍሪካ በጠቅላላው ይውል ስለነበር እንጂ ተክሏ የደቡብ አፍሪካና የአካባቢው ናት፤ በኢትዮጵያ ዱር አትበቅልም። እንግዲህ ተመልከቱ! የሩቋ በኢትዮጵያ ስም ስትጠራ፣ በገዛ ጥሻችን የበቀለችውን ደግሞ ለጅብ ሰጠናት።

በነገራችን ላይ ሁለቱም በዕፅዋት ጥናት አከፋፈል እውነተኛ ሊሊ አይደሉም። እውነተኞቹ ሊሊየም የሚባሉት ናቸው፤ 100 ገደማ የዱር ዝርያዎች ሲኖሯቸው አገራቸውም እስያ፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ነው። ከእነሱ አንዷ ሊሊየም ሬጋሌ ትባላለች፤ ነጭ መለከት የመሰለች፣ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ መዓዛዋ ከሩቅ የሚጣራ። እንግሊዛዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ኧርነስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1910 ቻይና ውስጥ በሚን ወንዝ ሸለቆ ሥሯን ሊወስድ ሄዶ ናዳ እግሩን ሰበረው። የካሜራው ማቆሚያ እግሩን ለማሰር ዋለ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር የጭነት በቅሎዎች በተኛበት እየተራመዱበት አለፉ። እግሩ ቢድንም ዕድሜ ልኩን አነከሰ። ሥሮቹ ግን በሺዎች ተቆፍረው ባሕር ተሻገሩ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ዊልሰንን አደነቅኩት። ቆይቼ ግን የራሴ መቆፈሪያ ትዝ አለኝ። እሱም እኔም ያማረንን ከነሥሩ ነው የወሰድነው። ሬጋሌ ደግሞ ከዘር በቀላሉ የምትበቅል ተክል ናት፤ ሁለት ሦስት ዓመት ለታገሣት ታብባለች። ዛሬ የዱር ሊሊ በጓሮው ማየት የሚፈልግ ሰው ጫካ መቆፈር የለበትም።

“እንዲያውም ባትነቅያት ትጠፋ ነበር” የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ስሄድ ጥሻው የድንጋይ ካባ ሆኗል። ቢሆንም እኔ ስነቅላት ካባው አልነበረም። ካባ በሚመጣበት ቦታ መንቀል ማዳን ነው፤ ካባ ሳይመጣ መንቀል ግን እኔው ራሴ ካባ ሆንኩ ማለት ነው!

ደግነቱ ከአያቴ አጥር ጥግ ሁለት ተርፈው ነበር። ፍሬያቸው ሲቀላ ዘጠኝ ፍሬ ለቀምኩ። ልጣጩን አጥቤ፣ ዘሩ ሳይደርቅ፣ ከአፈሩ ላይ ገፋ አድርጌ ብቻ አስቀመጥኩት። አራቱ በቀሉ። አሁን የሚኖሩት በጥላ ሥር፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ነው። በክረምት ዝናቡ ያጠጣቸዋል፤ በበጋ እጄን እሰበስባለሁ። እስካሁን አላበቡም። ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶግራፍ የሌለኝም ለዚህ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው “ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ስለ አበባ ትጽፊያለሽ?” አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን አገራችን ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ከታወቁት አበባ ላኪዎች አንዷ ናት። አበባ ለዳቦ ሲሆን ዜና እንሠራበታለን። የራሳችን ጥሻ በካባ ሲበላ ግን ዜና አይሆንም፤ ምክንያቱም የጠፋውን በስሙ የሚጠራው የለም። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ ማን ብሎ ይዘገባል? “ማን” የሚለው ጥያቄ ለሰው ብቻ ነው ያለውስ ማነው?

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ጓሮ ያለን በጓሯችን፣ የሌለን በቀለም ባልዲ፣ የአካባቢያችንን አንዲት የዱር አበባ ከዘር እናብቅል። ሥር አንንቀል፤ ዘር እንልቀም። ስሟንም አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የጅብም ቢሆን ስም ስም ነው።

መምህሬም ይህን ካነበቡ ሪፖርቱን አስተካክያለሁ። “ልዩ ልዩ” የሚለውን ሰርዤ የአምስት አበቦችን ስም ጽፌያለሁ። ሦስቱን የነገሩኝ የግቢው አትክልተኛ ናቸው። ስማቸውን ጠይቄ ጽፌዋለሁ።