መንገድ ሲታቀድ እግረኛውም ይቆጠር



ከአያት እስከ መገናኛ ያለውን የመንገድ ጭንቅ የማያውቅ የለም። ኮንዶሚኒየሙ በዛ፣ ለገጣፎም ሰፋ፤ የብዙዎቻችን ሥራ ግን አሁንም መሀል ከተማ ነው። ጧት ሁሉም ወደዚያ፣ ማታ ሁሉም ወደዚህ ይጎርፋል።

አንዳንዶቻችን «መንገዱ ይስፋልን» እንላለን። ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መንገድ በሰፋ ቁጥር መኪናውም እየጨመረ ይሞላዋል እኮ! ደግሞስ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚሄደው በእግሩ፣ በአውቶቡስና በታክሲ አይደለም? የአንድ አውቶቡስ ሰው በየቤት መኪናው ይሂድ ቢባል ሰልፉ የት ይደርሳል?

ከቀላል ባቡሩም የምንማረው አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጠቅሞናል። ሆኖም ሐዲዱ መንገዱን ከመሀል ስለከፈለው፣ ማዶ ለመሻገር ሩቅ መዞር መጣ። ልጆች አጥር የሚዘሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማሻሻያ ሲታቀድ የአውቶቡስ ብቻ መስመር፣ ቅርብ ለቅርብ መሻገሪያ፣ የእግረኛ መንገድና የጎርፍ ቦይ ከመነሻው ፕላኑ ውስጥ ይግቡ። አስፋልት ከተነጠፈ በኋላ ማፍረስ የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በየደጃችሁ ያለውን አስቸጋሪ መሻገሪያ ጽፋችሁ ለጽሕፈት ቤታችን አስገቡ፤ አጠናቅረን ለክፍለ ከተማው እናቀርባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ