ጽሑፉ ተቆጠረ፤ ወንዙስ?

ዛሬ የተመራማሪ ክብር የሚለካው ባሳተመው ጽሑፍ ብዛትና ሌሎች እርሱን በጠቀሱበት ቁጥር ኾኗል። ማሳተምን አንነቅፍም፤ ያልታተመ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ነገሩን ያገኙት ከወንዝ ዳር ነው፤ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ።

ስለ አቃቂ ወንዝ መበከልም ብዙ ጥናት ታትሟል፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ውሃ ጎመኑን የሚያጠጣው ገበሬ ግን ከጠቃሾቹ አይቆጠርም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፦ ለማዕረግ ዕድገት የሚቀርብ ጥናት ኹሉ ፍሬ ነገሩ በአንድ ገጽ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ለአካባቢው ሰው ይነበብ። የማባዛቱ ድካም በእኛ በተማሪዎች ይኹን።