ሳይቃጠል በቅጠል፤ ጡረታ ስለሚወጡ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ አይደናገጥም፤ ዕድሜው በመዝገብ ተጽፎ ይታወቃልና። ተተኪው አስቀድሞ ይመደባል፤ ቁልፉና ሰነዱ ተቈጥሮ ርክክብ ይፈረማል። በየፋብሪካው ግን ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ሲያገለግል ኖሮ፣ ጡረታው በአምራቹ በይፋ ታውጆ ሳለ፣ ርክክብ የማይደረግለት አንድ ሠራተኛ አለ። እርሱም በብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩን የሚያስነሣው፣ ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ባለሙያዎች ፒ.ኤል.ሲ. የሚሉት የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ስለዚህ ሠራተኛ ጡረታ ነው።

ነገሩ የኢንጂነሮች ብቻ ጕዳይ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው ለተግባር ልምምድ በተላክሁበት በአንድ ፋብሪካ የደረሰው ነገር ነው።

በዚያ ፋብሪካ የማሸጊያው ክፍል መቆጣጠሪያ በዕድሜ እኔን ይበልጠኝ ነበር። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ጊዜ ፕሮግራሙን ጠብቃ የምታቆየው አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት። ባትሪዋ መድከሟን የምታመለክተው መብራት ከበራች ብዙ ወር ሆኗት ነበር፤ ዳሩ ግን መኪናው ስለሚሠራ ማንም ልብ አላላትም። አንድ ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። ሰኞ ጧት ኀይሉ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ነቃ፤ ነገር ግን የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ነበር። ሞተሩ ደኅና፣ ቀበቶው ደኅና፣ ሽቦው ደኅና ሆኖ ሳለ ክፍሉ ቆመ።

የፕሮግራሙ ቅጂ ተፈለገ። በፍሎፒ ዲስክ ተቀምጦ ተገኘ። ዲስኩን አንብቦ ፕሮግራሙን መልሶ የሚጭነው አሮጌ ኮምፒዩተር ግን ከንብረት ቈጠራ በኋላ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ በሐራጅ ተሸጧል። የፈረመው ወጣት ሹም ክፉ ሰው አልነበረም። በፊቱ የቀረበለት ቅጽ የኮምፒዩተሩን ዕድሜ ይጠይቃል እንጂ የአንድ ሙሉ ክፍል መክፈቻ ቁልፍ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም።

ክፍሉን ያዳነው አንድ ሽበታም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። «ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» ብንለው ወደ ዕቃ ሣጥኑ ሄዶ በሲባጎ የታሰረ ወረቀት አመጣ። «መኪናው ሲተከል የታተመ ነው፤ ሊጥሉት ሲሉ ነው ያነሣሁት» አለን። ወረቀቱ የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ ነበር። በኅዳጉም «የካርቶን ዐይን»፣ «የሙጫ ቫልቭ»፣ «ይህ ከሦስት ሴኮንድ ካነሰ ካርቶኑ ይቀደዳል» የሚል በእርሳስ ተጽፎበታል። ከሌላ ፋብሪካ በውሰት በመጣ ኮምፒዩተር መስመር በመስመር እንደ ገና ተጻፈና ክፍሉ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተነሣ። በእነዚያ ቀኖች በቀን ሒሳብ የሚከፈሉት የማሸጊያ ሠራተኞች እየመጡ ከበር ይመለሱ ነበር። የአንዲት ባትሪ ዋጋ የተከፈለው ከእነርሱ ኪስ ነው።

ከዚህ የተማርሁት መቆጣጠሪያ ማለት ሣጥኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዕውቀት መሆኑን ነው። ይህ ዕውቀት እንዴት ወደ ሣጥኑ እንደ ገባ ጥቂት ማስታወስ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ መኪናዎች የሚታዘዙት በግድግዳ ሙሉ በተደረደሩ ሪሌዎች ነበር። የሥራው ዐይነት በተለወጠ ቍጥር ሽቦው ሁሉ ተነቅሎ እንደ ገና መታሰር ነበረበት። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ በ1968 ለዚህ ምትክ ፈለገ፤ በዲክ ሞርሊ መሪነት የተሠራውም ሞዲኮን 084 ቀረበ። 084 የተባለው የድርጅቱ 84ኛ ሥራ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ መንቀል ቀርቶ ፕሮግራም መጻፍ ሆነ። ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ አንድ ዕዳ ግን አስከትሏል። የሽቦን መንገድ በጣት መከተል ይቻላል፤ ፕሮግራምን ግን የሚያሳየው ሶፍትዌር ከሌለ ዐዋቂውም ዕውር ነው።

አምራቾቹ ደግሞ የጡረታውን ቀን አይደብቁም። የጀርመኑ ሲመንስ በ1979 ያወጣውን ሲማቲክ ኤስ 5 በ1990ዎቹ አጋማሽ በኤስ 7 ተካው። ከኤስ 7 ወገን በብዙ አገር የተሠራጨውን ኤስ 7-300ንም ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከገበያ ማውጣት እንደሚጀምር፣ መለዋወጫው ግን እስከ 2033 እንደሚቆይ አስታውቋል። የአሜሪካው ሮክዌል ፒ.ኤል.ሲ.-5 የተባለውን በጁን 2017 መሸጥ አቆመ። ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ኮምፒዩተርም የራሱ ቀን አለው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 በ2025 አቁሟል።

እንግዲህ ችግሩ በአንድ ቤት ሦስት ዕድሜ መኖሩ ነው። ብረቱ በደኅና ከተያዘ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል፤ መቆጣጠሪያው ከዚያ ያነሰ፤ ሶፍትዌሩና ኮምፒዩተሩ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ይኖራሉ። ስለዚህ ቀድሞ የሚሞተው መቆጣጠሪያው ሳይሆን እርሱን ማናገር የሚችለው ኮምፒዩተር ነው። እኛ የምንጠብቀው የሣጥኑን ሞት ነው፤ ቋንቋው ግን ከዚያ በፊት ይሞታል።

«የሚሠራውን መኪና ለምን ትነካካላችሁ?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌዎቹ መቆጣጠሪያዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ከገበያ መውጣትም መሞት አይደለም፤ ባልታቀደ ለውጥ የተጐዳ ፋብሪካም አለ። ፕሮግራምን ከአሮጌው ወደ ዐዲሱ የሚገለብጡ ሶፍትዌሮች ቢኖሩም ሁሉን አይጨርሱም። ለምሳሌ በብዙዎቹ የኤስ 5 መለኪያ ካርዶች የልኬቱ ሙላት 2048 ተብሎ የሚነበበው በኤስ 7 ዘንድ 27648 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የታንኩን መጠን በሐሰት ያነባል። ስለዚህ ሁሉ ነገ ይቀየር አልልም። የምለው፣ አለመንካትም በዕቅድ ሲሆን ውሳኔ ነው፤ ያለ ዕቅድ ሲሆን ግን ቸልታ ነው።

በእኔ አስተያየት ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ዛሬውኑ የሚጀመሩ አራት ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፤ መዝገብ ነው። የእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ሙሉ የዕቃ ቍጥር፣ የሶፍትዌሩ ዕትም፣ ባትሪው የተቀየረበት ቀንና አምራቹ ያስታወቀው የጡረታ ቀን በአንድ ገጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ ቅጂ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የሚቀመጠው ባዶ ትእዛዙ ብቻ ነው፤ ስሞቹና ማብራሪያዎቹ የሚኖሩት ፕሮግራሙ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ነው። ከሣጥኑ የተቀዳው «ግቤት 1.3» ይላል እንጂ «የካርቶን ዐይን» አይልም። የሚያውቀው ሽማግሌ ጡረታ ሳይወጣ ስሙ ይጻፍ፤ ቅጂውም ከሚሠራው ፕሮግራም ጋር ይመሳከር።

ሦስተኛ፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ከነኬብሉና ከነፈቃዱ ይጠበቅ። የንብረት ሹሙም ከመፈረሙ በፊት የጥገናውን ክፍል ይጠይቅ።

አራተኛ፤ ተራ ይያዝ። መጀመሪያ የሚቀየረው ቢቆም ሰው የሚጐዳበት ወይም ፋብሪካው ሁሉ የሚቆምበት ነው። ጊዜውም ይመረጥ፤ የስኳር ፋብሪካዎቻችን በክረምት አገዳ መፍጨት አቁመው እንደሚጠግኑ ሁሉ፣ ለውጡ በታወቀ የዕረፍት ወራት ይሁን። ከአንዱ የተነቀለው ካርድ ለቀሩት መለዋወጫ ሆኖ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ላለው መኪና ነው። ለሚገዛው ግን ሥራው የሚጀምረው በጨረታው ሰነድ ላይ ነው። «ፕሮግራሙ ከነማብራሪያውና ከነይለፍ ቃሉ ይረከባል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር በውሉ ካልገባች፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ከባዕድ አገር ባለሙያ ደጅ ይጠናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ በትምህርት ቤት የምንማረው ዐዲሱን መቆጣጠሪያ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተመርቀን ስንወጣ የምናገኘው አሮጌውን ነው፤ ያን አንብቦ ለዐዲሱ ማስረከብም ሙያ እንጂ ውርደት አይደለም። እናንተም ወጣት ሹማምንት፤ ነገ ጧት በጠረጴዛችሁ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል ዝርዝር ቢቀርብ፣ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ፋብሪካው ውረዱና ሽበታሙን ባለሙያ «ጋሼ፣ ይህ ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ ግን ብዙ ቤተሰብ ሊያሳድር ይችላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።