«እርስዎ ይቀመጡ» የምንላቸው አረጋውያን

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግፍ አርባ ምንጭ ሲሰማ፣ ለበቀል የተነሣውን ወጣት ያስቆሙት እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ የተንበረከኩት የጋሞ ሽማግሌዎች ነበሩ። አገር የሽማግሌዎቹን ጥበብና የሣሩን ክብር አደነቀ፤ ይገባልም። እኔ የማነሣው ግን የእግራቸውን ነገር ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ከቤቱ ወጥቶ ጠቡ ካለበት ሲደርስ፣ ተንበርክኮም መልሶ መነሣት ሲችል ነው። ገረሴን በመሰለ የጋሞ ደጋ ደግሞ የሸንጎው አደባባይ ዱቡሻውም፣ ገበያውም፣ ለቅሶ ቤቱም የሚደረሰው ዳገት ተወጥቶ፣ ቁልቁለት ተወርዶ ነው። የጭኑ ጡንቻ የከዳው አዛውንት አእምሮው ሳይደክም ከሸንጎው ይቀራል። ለአረጋውያን ያለን አክብሮት «እርስዎ ይቀመጡ» ከማለት አለማለፉ፣ ከሸንጎው የሚቀሩበትን ቀን እያፋጠነባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ጉልበቱ የሚደክመው ሥጋው ከሚመነምነው በላይ በፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ጡንቻን የሚያዙት ነርቮችም ከዕድሜ ጋር ቁጥራቸው ይቀንሳል። በተለይ የሚጎዱት ፈጥነው የሚኮማተሩት የጡንቻ ክሮች ናቸው። ዝናብ ባጨቀየው መንገድ እግር ሲያዳልጥ ሌላውን እግር ቀድሞ አስቀምጦ ከመውደቅ የሚያድነው የእነዚህ ክሮች ፍጥነት ነው። ይህን ያህሉ የዕድሜ ሥራ ነው እንበል። የመተኛቱን ድርሻ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለብቻው አሳይቶናል። አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ፤ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። እነዚህ በሽታ የሌለባቸው ነበሩ። ከሆስፒታል የተመለሰችን እናት «ወሩን ሙሉ ከአልጋ እንዳትነሺ» ብለን ስናስታምም ምን እየወሰድንባት እንደሆነ ከዚህ መገመት አያቅትም።

የጠፋው ይመለሳል ወይ ለሚለው መልሱን የሰጠው ቦስተን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ትንሽ ጥናት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሱት የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። እርግጥ የተነሡት ከብዙ ድካም ስለነበር በመቶኛ ሲሰላ ቁጥሩ ይገዝፋል፤ ሥልጠናው ሲቆምም ያገኙትን በአራት ሳምንት ውስጥ ማጣት ጀምረዋል። ቢሆንም በ90 ዓመት እንኳ ጡንቻ ሸክም ሲሰጠው እንደሚታዘዝ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ታይቷል።

«ይህ ሁሉ ወንበር ላይ ለሚውል ፈረንጅ ነው፤ የገረሴ ገበሬ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ተዳፋት ሲቆፍር የኖረ ሰው፣ የእንሰቱን ልጣጭ በተዘነበለ ጣውላ ላይ ዘርግታ ስትፍቅ የኖረች ሴት፣ ወደ እርጅና የሚገቡት ብዙ ጉልበት አከማችተው ነው። ችግሩ ይህ ሥራ ሲቆም አንድ ጊዜ መቆሙ ነው። ልጅ ይደርሳል፣ ምራት ትመጣለች፤ መቆፈሪያውም መፋቂያውም ከእጃቸው ይወሰዳል፤ በምትኩ እሳት ዳር መቀመጫ ይሰጣቸዋል። የተከማቸው ጉልበት ደግሞ ካልሠሩበት አይቆይም። በሌላ በኩል፣ የጉልበት ሥራ ሁሉ ጤና ነው ማለቴም አይደለም። ጎብጦ እንጨት መሸከም ወገብንና ጉልበትን የጎዳባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ የሚበጀው ሸክሙን ማቅለል እንጂ ጨርሶ መተው አይደለም።

የሚከብደኝ የምግቡ ጥያቄ ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው፤ ያረጀ ሰውነት ደግሞ ከሚበላው ፕሮቲን ጡንቻ መሥራት ከወጣቱ ይበልጥ ስለሚያቅተው የሚያስፈልገው ከፍ ይላል። «ሳይበሉ ልፉ ማለት ጭካኔ ነው» የሚል ሰው ስለዚህ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 አረጋውያን ላይ የታተመው የቦስተኑ ቀጣይ ጥናት ግን ተጨማሪ ምግብ ያለ እንቅስቃሴ ድካሙን እንዳላቃለለው አሳይቷል። ሁለቱም አብረው ይሂዱ፤ ደጋው ባቄላና አተር ያበቅላል፣ ወተቱም አይቡም አለ። እነዚህ ሲገኙ የአያት ድርሻ እንዳይረሳ ነው የምጠይቀው።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የይሉኝታ ነው። እናቱ ጀሪካን ይዛ ስትሄድ የታየ ልጅ በጎረቤት ይወቀሳል። ባለ 20 ሊትሩን ትሸከም የሚል የለም፤ አምስት ሊትሩን ይዛ፣ የልጅ ልጅ አጠገቧ ሆኖ፣ ሜዳ ሜዳውን ብትሄድ ግን ማንም ሊወቀስ አይገባም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የሚገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ማድረግ ይችላሉ፤ የእነሱ ምክር ጎረቤትን ዝም ያሰኛል። መሣሪያም አይጠይቅም፤ አያትን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ እንዲነሡና እንዲቀመጡ መጠየቅ በቂ ነው። የሚያቅታቸው ከሆነ ከፍ ካለ መቀመጫ፣ ምሰሶ ተደግፈው ይጀምሩ፤ እየበረቱ ሲሄዱም መቀመጫው በየጊዜው ዝቅ ይበልላቸው።